ወፍራሙ ዘመም ፊደል

ፊደል ጠባይ አለው ስል የሚስቅብኝ ወዳጅ አላጣም። እኔ ግን ቀኑን ከቅጽና ከደረሰኝ፣ ማታውን ከግጥም ጋር የማሳልፍ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ከቃሉ አስቀድሞ የፊደሉን መልክ ማየት ለምዶብኛል። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ወፍራም፣ ድቡልቡል፣ ወደ ቀኝ ያዘመመ የላቲን ፊደል ነው። ኩፐር ብላክ ኢታሊክ ይባላል።

ዘመም ፊደል ሲወለድ ወፍራም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1501 አልዱስ ማኑቲየስ የተባለው የቬኒስ አሳታሚ የቨርጂልን ግጥሞች በእጅ ይዘውት በሚዞሩት ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። ፊደሉን የቀረጸለት ፍራንቼስኮ ግሪፎ ነበር። ቅርጹ የጊዜው ጸሐፍት ፈጠን ብለው ሲጽፉ ከሚጥሉት የእጅ ጽሕፈት የተቀዳ ነው፤ ቀጭን፣ ጠበብ ያለ። አቢይ ፊደላቱ ግን ገና ቀጥ ብለው ቆመው ነበር። እንግዲህ ይህ ፊደል በሙሉ መጽሐፍ አፉን የፈታው በግጥም ነው። ገጣሚ ነኝ ባይ ሁሉ ይህን ሲሰማ ደስ ሊለው ይገባል።

ከአራት መቶ ዓመታት በኋላ ኦስዋልድ ብሩስ ኩፐር መጣ። በ1879 በኦሃዮ የተወለደ፣ በቺካጎ የፊደል ሥዕልን ከፍሬድሪክ ጉዲ የተማረ፣ ለማስታወቂያ ፊደል በእጁ እየሣለ የሚያድር ሰው ነበር። ባርንሃርት ብራዘርስ ኤንድ ስፒንድለር የተባለው የማተሚያ ፊደል አምራች በ1922 ኩፐር ብላክን አወጣለት፤ ዘመሙ ወንድም በዚያው ዐሥር ዓመት አጋማሽ ላይ ተከተለ።

ፊደሉን ቀርባችሁ ብታዩት ሹል ነገር የለበትም። ጫፎቹ ሁሉ እንደ ሊጥ የተድበለበሉ ናቸው፤ ግርጌው ሳይቀር ክብ ስለሆነ በመስመሩ ላይ የቆመ ሳይሆን ያረፈ ይመስላል። በውስጡ ያለው ነጭ ቦታ ጠባብ ነው። ሹል ጫፍ ያለው ፊደል በመናኛ ወረቀት ላይ ቀለሙ ሲፈስ ይበላሻል፤ ይህ ግን አስቀድሞ የፈሰሰ ያህል ስለሆነ የሚበላሽ ነገር የለውም። ስለዚህ የጋዜጣ ማስታወቂያና የሱቅ ሰሌዳ ወደደው። ቀጥ ያለው ወንድሙ በ1966 በቢች ቦይስ “ፔት ሳውንድስ” ሸክላ ሽፋን ላይ፣ በ1968 በእንግሊዙ “ዳድስ አርሚ” የቴሌቪዥን ድራማ መግቢያ ላይ ወጣ።

የግጥም ፊደል ገበያ ወጥቶ ሸቀጥ ጠሪ ሆነ ብለው የሚያዝኑ ይኖራሉ። እኔ አላዝንም። ኩፐር ቀጥ ያለውን ፊደል ገፍቶ አላጋደለውም፤ ለዘመሙ ሌላ ሥዕል ሣለለት፤ ለአቢይ ፊደላቱም ጅራታቸውን የሚያንዠረግጉ አማራጮች ጨመረላቸው። በውፍረቱ ውስጥ ዛሬም የብሩሽ እጅ ይታያል።

የእኛን ፊደል ግን ኮምፒውተሩ እንዲያው ይገፋዋል። በሁለት እግሩ የቆመው “በ”፣ በሦስት እግሩ የቆመው “ጠ” ሲያጋድሉ ነፋስ የመታው ጎጆ ይመስላሉ። የብራና ጸሐፍቶቻችን አንድን ስም ለማክበር ፊደሉን ማዝመም አላስፈለጋቸውም፤ ቀይ ቀለም ነበራቸው። እኔ ቀይ ቀለም ስለሌለኝ፣ በግጥሜ ውስጥ ሌላ ሰው ሲናገር መስመሩን ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ አድርጌ ፊደሉን ቀጥ እንዳለ እተወዋለሁ።