ከገደል ማሚቶ መውጣት፦ ዜናን ከተለያዩ ምንጮች የመከታተል ልማድ

ገደል ፊት ለፊት ቆሞ ለሚጣራ ሰው የሚመለስለት የራሱ ድምፅ ነው። ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተጠቃሚው ቀደም ሲል የወደደውንና ደጋግሞ የተመለከተውን መሠረት አድርገው ተመሳሳይ ይዘት ያቀርቡለታል። በቴሌግራም ደግሞ ተጠቃሚው ራሱ የሚመርጣቸው ቻናሎች ይህንኑ ክበብ ይፈጥራሉ። በዚህም የራሱ ወገን አመለካከት የሕዝብ ሁሉ አቋም መስሎ ይታየዋል።

ጉዳዩ ለምን ያሳስባል?

ወልዲያና የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በቀጥታ ከደረሰባቸው አካባቢዎች መካከል ናቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ ቤተሰብ ከቀየው ለመውጣት ወይም ለመቆየት የሚወስነው በደረሰው ወሬ ላይ ተመሥርቶ ነው። ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ በሩቅ ያሉ ዘመዶች ለአሉባልታ ይጋለጣሉ። የአንድ ወገን ወሬ ብቻ መከተል ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

1. አንድን ዜና ቢያንስ ከሦስት ዓይነት ምንጮች መከታተል፦ ከመንግሥት (ኢቢሲ፣ አዲስ ዘመን፣ አሚኮ)፣ ከግል (ሪፖርተር፣ አዲስ አድማስ) እና ከውጭ የአማርኛ ዝግጅቶች (ቢቢሲ፣ ዶይቼ ቬለ)።

2. ምንጮቹ የሚስማሙበትንና የሚለያዩበትን ነጥብ መለየት፤ የማን ቃል እንደተካተተና የማን እንደቀረ ማስተዋል።

3. የመጀመሪያውን ምንጭ መፈለግ። ሦስት ቻናሎች አንዱን ጽሑፍ ቢቀባበሉት ምንጩ ያው አንድ ነው።

4. ዜናን ከአስተያየት መለየት።

5. ፎቶግራፍና ቪዲዮ መቼና የት እንደተነሣ ማረጋገጥ፤ እስኪረጋገጥ ድረስ ለሌላ ሰው አለማጋራት።

6. የማይስማሙበትን መገናኛ ብዙኃን ጭምር በመደበኛነት ማንበብ። ማንበብ መቀበል አይደለም፤ ሌላው ወገን ለምን እንደዚያ እንደሚያስብ ለማወቅ ግን ይረዳል።

የሕግ ማዕቀፍ

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው መረጃና ሐሳብ የመሰብሰብ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን በወንጀል ያስጠይቃል። ስለሆነም መረጃን ሳያመሳክሩ ማጋራት በሌላው ላይ ጉዳት ከማድረሱ ባሻገር አጋሪውንም ለተጠያቂነት ሊዳርግ ይችላል።

ልማዱ ለአካባቢው ባዕድ አይደለም። የወሎ አበጋሮች እርቅ የሚያወርዱት የሁለቱንም ወገን ቃል ካደመጡ በኋላ ነው። ዜና አንባቢም ከመፍረዱ በፊት ይህንኑ ሥርዓት ቢከተል ራሱንም ጎረቤቱንም ይጠብቃል።