ሽሮ ፈጣን ምግብ ነው ያለው ማነው?

የኢትዮጵያ ታሪክ ግብር ይጽፋል እንጂ እራት አይጽፍም። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1880 ዓ.ም. ግድም ለእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምረቃ ያሰናዱት፣ ለቀናት የዘለቀው ግብር በዜና መዋዕል ሰፍሮ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እቴጌይቱ በአባታቸው ወገን የሰሜን ባላባት ዘር፣ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የወንድም ልጅ ናቸው። በዚያው በሰሜን ግን፣ በዳባትና በደባርቅ፣ በተራ ማክሰኞ ማታ ከእርሻ የገባ ቤተሰብ ምን በልቶ እንደተኛ ጸሐፊ ትእዛዙ ጉዳዬ ብሎ አልመዘገበም።

ይህ ዝምታ ዛሬም አልቀረም። ከሥራ 12 ሰዓት ወጥታ፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቷ የገባች እናት እራት ምን ይሁን ሲባል መልሱ የታወቀ ነው፤ «ሽሮ ጣል አድርጊበት»። ሽንኩርት ይቁላላል፣ ውኃ ይገባል፣ ሽሮው ይበተናል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ትሪው ይቀርባል። ከዚህ የተነሳ ሽሮ ቀላልና ፈጣን ምግብ ነው ተብሎ ተለምዷል። ልማዱ ግን ስህተት አለበት። ግማሽ ሰዓቱ የሥራው ጭራ ነው። ዋናው አካል ቀደም ብሎ፣ በሌላ ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜም በሌላ ሴት ጉልበት አልቋል።

ይህን ለማየት ከሰሜን ተራሮች የተሻለ ቦታ የለም። ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከፍታው ሲጨምር የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ውኃ ቶሎ ይፈላል፤ ግን ሳይግል ይፈላል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ ደባርቅ ላይ በ90፣ ጨነቅ ላይ ደግሞ በ88 ዲግሪ አካባቢ ይንተከተካል። ከዚያ በላይ እሳት ቢጨመርበት ይተናል እንጂ አይግልም። ስለዚህ ባቄላና አተር እዚያ በቀላሉ አይበስልም። ሰዓታት ይፈጃል፣ ማገዶ ይበላል። ማገዶው ደግሞ ኩበት ነው፣ ባሕር ዛፍ ነው፤ የፓርኩን አስታ መቁረጥ ክልክል ነው።

የደጋ ሴቶች የፊዚክስ መጽሐፍ ሳይገልጡ ለዚህ መፍትሔ አበጅተዋል። ጥራጥሬውን በፈላ ውኃ ከመታገል ይልቅ በደረቅ ምጣድ አመሱት። የምጣድ ግለት በከፍታ አይወሰንም። ከዚያ ይከካል፣ ገለባው ይነፋል፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከኮረሪማውና ከጥቁር አዝሙዱ ጋር ተመጥኖ ይፈጫል። የላመ ዱቄት በ88 ዲግሪ ውኃም ይበስላል። በሶ ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ ገብሱ አስቀድሞ ስለታመሰ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ እሳት የሚባል ነገር አይፈልግም። ዘማች ለወራት ጉዞ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ የሚሰነቅለት በዚህ ምክንያት ነው። የቤቱ የችኮላ እራትና የጦሩ ስንቅ የአንድ እጅ ሥራ ናቸው።

ያ እጅ ግን ከፍሏል። የሞተር ወፍጮ ገጠር ሳይደርስ በፊት ዱቄት ሁሉ የሚወጣው ከድንጋይ ላይ ነበር። ሴቲቱ ዶሮ ሲጮኽ ተነስታ፣ ወፍጮው ላይ አጎንብሳ፣ መጁን በሁለት እጇ እየገፋች ለቀኑ የሚበቃውን ትፈጫለች። ልጅቷም አጠገቧ ሆና ትማራለች። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ይህ ድካም በእጅጉ ቀለለ፤ ከመብራትና ከመንገድ ባልተናነሰ የኢትዮጵያን ሴት ቀን የለወጠ ማሽን ነው። ሆኖም በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ የመድፍ ታሪክ የያዘውን ያህል ገጽ አላገኘም።

ሰሜን ለችኮላ እራት ሌላም ነገር አለው፤ ድንች። ጀርመናዊው የዕጽዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር በ1830ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ በደጃዝማች ውቤ ግዛት ኖሮ እዚሁ አርጅቷል። ድንች በኢትዮጵያ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1858 በእርሱ እጅ እንደሆነ ይጠቀሳል። የደጋው ጦስኝም በሳይንሳዊ መጠሪያው የሺምፐርን ስም ይዞ ይኖራል። ገበሬው ግን ባዕዱን ተክል ወዲያው አልተቀበለውም። ድንች በስፋት የገባው ከክፉ ቀን፣ ማለትም በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከብቱ በደስታ በሽታ ካለቀበትና እህል ከጠፋበት ረሃብ ወዲህ ነው። ድንች አይታመስም፣ አይከካም፣ አይፈጭም፤ ተቀቅሎ ይበላል። ያለ ወፍጮ የሚደርስ የደጋ እራት ነው። ዛሬ የደባርቅና የዳባት ገበያ ያለ ድንች አይታሰብም።

እዚህ ላይ የታሪኩ ፍሬ ነገር ይመጣል። ፈጣን እራት የሚኖረው ቀድሞ የተከማቸ ነገር ሲኖር ነው። ጎተራው ውስጥ እህል፣ እንስራው ውስጥ ሽሮ፣ መሶቡ ውስጥ እንጀራ ከሌለ የሽሮ ግማሽ ሰዓት የለም።

በ2008 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪ ወደ ደባርቅ ከተማ እንዲሰፍር ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ ነበር፤ በ2017 ከዝርዝሩ ወጣ። ለዋልያውና ለቀይ ቀበሮው መልካም ዜና ነው። ነገር ግን የገብስ ማሳና ከብት የነበረው ቤተሰብ ከተማ ሲገባ የሚለወጠው አድራሻው ብቻ አይደለም። እህሉን ከጎተራው ሳይሆን ከገበያ፣ በዕለቱ ዋጋ ይሸምታል። ለማመስ እንጨት ይገዛል፣ ለማስፈጨት ይከፍላል። ካሳ ሲሰላ ቤትና መሬት ይቆጠራል፤ የእራት ክምችት የሚባል መደብ ግን በቅጹ ላይ ማን አይቶ ያውቃል?

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ሲደርስ ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ መረረ። የተፈናቀለ ሰው ልጅ ያዝላል እንጂ ጎተራ አያዝልም። የእርዳታ ስንዴ ሲመጣም ብዙ ጊዜ በእህልነቱ ነው የሚሰፈረው። ወፍጮ ያስከፍላል፤ ገንዘብ የሌላት እናት ከተሰፈረላት ላይ ቀንሳ ሸጣ ቀሪውን ታስፈጫለች። በሪፖርት ላይ ሙሉ የሆነው ኪሎ ትሪ ላይ ሲደርስ ጎድሎ ነው።

ከተሜውም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። «ባልትና» የሴት ሙያ ስም ነበር፤ አሁን በፌስታል የታሸገ ሽሮና በርበሬ የሚሸጥበት ሱቅ ስም ሆኗል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፣ ለድካማቸውም ገንዘብ ያገኛሉ፤ እናቶቻቸው ያላገኙትን። ዋሽንግተንና ሪያድ ያለችው እህትም ከሥራ ገብታ በሩብ ሰዓት የምታደርሰው ሽሮ፣ ሰፈሯ ውስጥ የታመሰ፣ በሻንጣ የተላከላት ነው። ፈጥና የበሰለላት እናቷ ቀድማ ስለደከመችላት ነው።

ስለዚህ «ሥራ የበዛባቸው ቤተሰቦች ምን ይብሉ?» የሚለው ጥያቄ የምግብ አሠራር ጥያቄ ብቻ አይደለም። የወፍጮ ጥያቄ ነው፣ የመብራት ጥያቄ ነው፣ የማገዶ ጥያቄ ነው። መብራት ሦስት ቀን ሲጠፋ የሚቆመው ቴሌቪዥኑ ብቻ ሳይሆን የሠፈሩ ወፍጮ ጭምር ነው። ሰፈራ ሲታቀድ ወፍጮ ከውኃ ቦኖው እኩል ይታቀድ። የእርዳታ እህል ሲሰፈር ማስፈጫው አብሮ ይታሰብ። ቤት ውስጥም ቢሆን ቅዳሜ ሽሮ ሲለቀም ወንዱ ሰፌድ ይያዝ፣ ወፍጮ ቤት ይሰለፍ፤ ማክሰኞ ማታ የሚበላው እርሱም ነውና።