በግንባር ላይ የተጻፈ ሃይማኖት

ከሸዋ ሮቢት ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። የይፋት ቆላ ሙቀት ደብረ ሲና ላይ ይለቃል፣ ጣርማበር ላይ ጉም ይቀበላል፣ ጥቂት ቆይቶ የደብረ ብርሃን ብርድ መስኮት ያስዘጋል። እኔ በዚህ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር እዚያ ደጋ ላይ ከ550 ዓመት በፊት የተሞከረ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል፦ ሕዝብን በአዋጅ የአንድ አምላክ ብቻ ማድረግ።

ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ሃይማኖታቸውን የምር የያዙ ንጉሥ ነበሩ። ሕዝባቸው ቤተ ክርስቲያን ስሞ ሲመለስ ጠንቋይ ደጅ መጥናቱ፣ ደስክና ዲኖ ለሚባሉ መናፍስት መገበሩ አንገበገባቸው። በዘጸአት 20 ላይ የተጻፈውን የመጀመሪያ ትእዛዝ የመንግሥት ሕግ አደረጉት። እያንዳንዱ ክርስቲያን በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በቀኝ እጁ ዲያብሎስን መካዱን፣ በግራ እጁ ደግሞ ደስክን ክዶ የማርያም አገልጋይ መሆኑን ጽፎ እንዲሄድ አዘዙ። እምቢ ያለ ንብረቱ ይወረሳል፣ ራሱም ይሞታል።

ከዚያ ምን ሆነ? ጥቆማ በዛ። ጎረቤቱን የጠላ «ጣዖት አምላኪ ነው» ብሎ ከሰሰ። እሳቱ ቤተ መንግሥትም ገባ፤ የንጉሡ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ሳይቀሩ ተከሰው ተገረፉ፣ ከመካከላቸውም የሞቱ አሉ።

ታሪኩን ከባድ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። በዚያው ዘመን ከትግራይ የተነሡት የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች ያንኑ ትእዛዝ ይዘው ንጉሡ ፊት ቆሙ። ስግደት ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው፣ ለንጉሥም አንሰግድም አሉ። ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል መስገድንም እንቢ አሉ። ቤተ ክርስቲያን የአምልኮን ስግደት ከአክብሮት ስግደት ትለያለች፤ ያ ክርክር ለሊቃውንቱ ይቆይ። እኔን የሚገርመኝ፣ ጣዖትን ለማጥፋት የተነሣው መንግሥት «ለአምላክ ብቻ» ያሉትን መነኮሳት ምላስና አፍንጫ መቁረጡ፣ በድንጋይም ማስወገሩ ነው። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ከተወገሩ ከ38 ቀን በኋላ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ ሥራቸው በአምላክ ፊት እንደተወደደ ቆጠሩት፤ ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ከዚያ ብርሃን ነው።

ዓይናችሁን ከደጋው ወደ ቆላው መልሱት። ከዚያ ዘመን በፊት ይፋት የወላስማ ሱልጣኖች አገር ነበረች፤ መስጊድና በዐረብኛ የተጻፈባቸው የመቃብር ድንጋዮች ፍርስራሽ እስከ ዛሬ አለ። የእነሱም ሃይማኖት መሠረት ከአንዱ አምላክ በቀር የሚመለክ የለም የሚል ነው። ሆኖም በ1332 እ.ኤ.አ. ዐፄ ዓምደ ጽዮንና የይፋቱ ሰብረዲን ተዋጉ። ሁለቱም የአምላካቸውን ስም ይዘው ወጡ፤ መካከላቸው ግን ግብርና ወደ ዘይላ የሚወርደው የንግድ መንገድም ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ይህን አደጋ ያውቀዋል። ሠለስቱ ደቂቅ እሳት የገቡት ንጉሡ ላቆመው ምስል አንሰግድም ብለው ነው። ንጉሥ ሕዝቅያስ ደግሞ ሙሴ በአምላክ ትእዛዝ የሠራውን የነሐስ እባብ ሳይቀር ሰባብሮታል፤ ሕዝቡ ያጥንለት ጀምሮ ነበርና። ጣዖት ሁልጊዜ ከጠንቋይ ቤት አይመጣም። የተቀደሰውም ነገር፣ ለሃይማኖት ተቆርቋሪው ዙፋንም ጣዖት ሊሆን ይችላል።

ይህ የድሮ ወሬ የሚመስለው ካለ ዙሪያውን ይመልከት። ዛሬ ግንባራችን ላይ ጻፉ የሚለን የለም፤ ግን በየመንደሩና በየስልኩ ወገንህን አሳይ፣ ለመሪያችን ስገድ፣ ያልሰገደውን ጠቁም የሚል አዋጅ አለ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ያየ የይፋት ሰው «የማን ወገን ነህ?» የሚለው ጥያቄ ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል። ያ ጥያቄ ከሰው ነፍስ በላይ ሲከብር ጣዖት ሆኗል ማለት ነው፤ ጠያቂው ጾመኛም ሰጋጅም ቢሆን።

ዘርዓ ያዕቆብ ሲሞቱ ልጃቸው በእደ ማርያም እስረኞችን ፈቱ። የግንባሩ ጽሑፍ ቀረ። ጠንቋዩ ዛሬም ደጁ አልተዘጋም። የእስጢፋኖሳውያኑ ገዳም ጉንዳጉንዶም ቆሟል። አዋጁ ሊያጠፋ የተነሣው ሁሉ አለ፤ የጠፋው አዋጁ ነው።