በየት አገር ቁና?

መርሳ ላይ ሚኒባስ ሞልቶ ወደ ወልድያ እስኪንቀሳቀስ ድረስ የማይነሳ ወሬ የለም። ባለፈው የተነሳው የመኪና ጉልበት ነበር። ማንጎ ታቅፎ ከኋላዬ የተቀመጠ ወጣት «የአጎቴ መኪና እኮ 130 ፈረስ ነው!» አለ። አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ ዞር ብለው «የት የተቆጠረ ፈረስ ነው ልጄ?» አሉት። ሹፌሩ ሳቀና «አብሽሩ አባባ፣ እኛ ድልብ ዳገት ላይ እንቆጥረዋለን» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ የሽማግሌው ጥያቄ አልወጣልኝም። ድሮ እህል በቁና ሲሰፈር የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና እኩል አልነበረም። ስለዚህ ብልህ ነጋዴ «ስንት ቁና?» ከማለቱ በፊት «በየት አገር ቁና?» ይላል። የፈረስ ጉልበት ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

መለኪያው ራሱ የተወለደው ከገበያ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ለመሸጥ ሲነሳ ደንበኞቹ ወፍጮአቸውን በፈረስ የሚያስዞሩ ሰዎች ነበሩ። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ይሄ ብረት የስንት ፈረስ ሥራ ይሠራል?» ዋትም አስልቶ አንድ ፈረስ በደቂቃ 33,000 ፓውንድ ክብደት አንድ ጫማ ከፍ ያደርጋል ብሎ ወሰነ። ቀጥሎ የአውሮፓ አገሮች በሜትርና በኪሎ ሲያስቡት ፈረሱን 75 ኪሎ በሰከንድ አንድ ሜትር የሚያነሳ አደረጉት። በዚህም የተነሳ የእንግሊዙ 100 ፈረስ በጀርመኑ ቁጥር 101 ተኩል ገደማ ነው። ገና ከጅምሩ ሁለት ቁና!

መለኪያ ካለ መስፈሪያ መኖር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1821 ፈረንሳዊው ጋስፓር ደ ፕሮኒ የሚሽከረከረውን የሞተር ዘንግ በእንጨት ጨምቆ፣ በረጅም ክንድ ላይ ክብደት እየሰቀለ ኃይሉን ለካ። ነገሩ ፍሬን ይዞ ሞተሩን መታገል ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 እንግሊዛዊው ዊልያም ፍሩድ ለትልልቅ የመርከብ ሞተሮች በእንጨቱ ፋንታ ውሃ ተጠቀመ። ቀጥሎ ተራው የኤሌክትሪክና የማግኔት ሆነ። የእነዚህ ሁሉ ስም ዳይናሞሜትር ነው (ባትሪ ከሚሞላው ዲናሞ ጋር እንዳታምታቱት)።

ቁጥሩ እንደ ጠያቂው ማጠርና መርዘሙ ግን አልቀረም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ መኪናን በፈረስ ጉልበት ቀረጠች፤ ጉልበቱን ግን የምታሰላው በሲሊንደሩ ስፋትና ብዛት ብቻ ነበር። ፋብሪካዎቹም ጠባብና ረጅም ሲሊንደር መሥራት ጀመሩ። ለቀረጥ 7 ፈረስ የተባለችው ኦስቲን ሰቨን በተግባር 10 ፈረስ ገደማ ነበራት። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነ። ሞተሩ ማርሚታውንና ሌላ ሸክሙን አውልቆ ራቁቱን ይለካና ትልቁ ቁጥር ማስታወቂያ ላይ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ሞተሩ መኪና ላይ እንደሚገጠመው ሆኖ ይለካ ሲባል፣ በ1970 400 ፈረስ የነበረው የካዲላክ ኤልዶራዶ በወረቀት ላይ 235 ሆነ። በመካከሉ ሞተሩ ለዝቅተኛ ኦክቴን ቤንዚን ተብሎ ትንሽ ተዳክሞ ነበር፤ አብዛኛውን ፈረስ የበላው ግን የመለኪያው ለውጥ ነው።

ዛሬም ቁናው ብዙ ነው። ሞተሩ ተፈትቶ ቮላኖው ላይ ሲለካ አንድ ቁጥር ይወጣል። መኪናው እንዳለ በጎማው ሮለር ላይ ቆሞ ሲለካ ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉና ጎማው ድርሻቸውን ስለሚወስዱ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ያነሰ ይመጣል። ሮለሩም አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው ከባድ በርሜል ነው፤ መኪናው በርሜሉን በምን ፍጥነት እንዳስፈነጠረው ታይቶ ጉልበቱ ይሰላል። ሌላው በማግኔት ወይም በውሃ እየያዘ ሞተሩን እንደ ዳገት ያስጨንቀዋል። ያው መኪና በርሜሉ ላይ ከፍ ያለ፣ በሚይዘው ላይ ዝቅ ያለ ቁጥር ሲያሳይ የተለመደ ነው። ጎማ አውልቆ በቀጥታ ከመኪናው እምብርት ጋር የሚታሰርም አለ፤ የጎማ መንሸራተት የለበትም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በመርሳ የሚያልፈው የደሴ–መቀሌ መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን ካሠራቸው ዋና መንገዶች አንዱ ነው። አያቶቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሉት የፊያት 634 ጭነት መኪና፣ ቮላኖውም፣ ፍሪሲዮኑም፣ ማርሚታውም የመጡት ከዚያው አገር ነው። የፈረሱ ቁጥርም አብሮ መጣ። ቁጥሩ ግን የዝቅተኛ አገር ቁጥር ነው፤ የፊያት ከተማ ቱሪን ከባሕር ጠለል በላይ 300 ሜትር እንኳ አትሞላም። መርሳ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከወልድያ በድልብ አድርጎ ወደ ጋሸና የሚወጣው የቻይና መንገድ ደግሞ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል።

ሞተር እንደ ሰው ነው፤ አየር ይተነፍሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ባሕር ዳርቻ ላይ 100 ፈረስ የነበረው ጋሸና ሲደርስ 70 ገደማ ይቀረዋል። ሠላሳው ፈረስ የት ገባ? ማንም አልሰረቀውም።

ዳይናሞሜትሩም ይሄን ስለሚያውቅ «ማስተካከያ» የሚባል ስሌት አለው፤ አዲስ አበባ ላይ የተለካውን አባዝቶ ወደ ባሕር ዳርቻ ቁጥር ይመልሰዋል። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን አየሩን ራሱ ስለሚያምቅ ከፍታው ያን ያህል አይጎዳውም። ያንኑ ስሌት እሱ ላይ ብትጭኑት የሌለ ፈረስ ትፈጥራላችሁ።

ይሄ የምሁራን ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። የእኔው አጎት ከዓመታት በፊት የቤቱን ጥሪት አሟጦ ያገለገለ የቤንዚን ፒክአፕ ገዛ። መርሳና ጊራና ሲመላለስ ሰላም ነው። ጋሸና ዳገት ላይ ሲደክም ግን «ሞተሩ ሞቷል» ተባለና ጋራዥ ገባ። ተከፈተ፤ ምንም አልተገኘበትም፤ ሒሳቡ ግን ተከፈለ። ለአጎቴ ከዝቅተኛ አገር የመጣ ቁጥር ሸጡለት፣ ደጋ ላይ ሲጎድል ደግሞ የጎደለበትን አስከፈሉት።

አሁን ዘመኑ እየተለወጠ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ብዙ ሰው ስለ ኪሎዋት ማውራት ጀምሯል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ጋሸናም መርሳም ለሱ ያው ናቸው። ለነዳጁ መኪና ግን የምመክረው የሽማግሌውን ጥያቄ ነው። ቁጥር ሲነግሯችሁ «ቮላኖው ላይ ነው ጎማው ላይ? በየትኛው መሣሪያ? በየት አገር አየር?» በሉ። ሞተር አሠርታችሁ ለውጡን ማወቅ ከፈለጋችሁም በፊትና በኋላ በአንድ መሣሪያ ላይ ለኩ። ቁናው ካልተቀየረ ልዩነቱን ማመን ይቻላል።

ሲሪንካን አልፈን መንገዱ መውጣት ሲጀምር ሚኒባሱ ማቃሰት፣ ሹፌሩም ማርሽ መቀነስ ጀመረ። ሽማግሌው ወደ ወጣቱ ጠጋ ብለው «አሁንስ ስንት ፈረስ ቀረን?» አሉት።

ወጣቱም ማንጎውን አቀበላቸው።