ከዳንግላ ቆንስላ እስከ ናይሮቢ ችሎት

በ1910ዎቹ ማብቂያ ላይ ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበራት፤ በኋላ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ መጽሐፍ የጻፈው ሜጀር ቺዝማን የተቀመጠው እዚያ ነበር። በዚያ ዘመን ቆንስላ የመልእክተኛ ቤት ብቻ አልነበረም፤ የዳኝነት ጥያቄም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተዋዋሉት፣ በተለምዶ የክሎቡኮውስኪ ውል የሚባለው ስምምነት፣ ፈረንሳውያን እርስ በርስ ሲጣሉ በአገራቸው ዳኝነት እንዲታዩ፣ ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲሟገቱ ደግሞ የኢትዮጵያ ዳኛ ከቆንስሉ ጋር ሆኖ እንዲያይ ያዛል። ተከሳሹ ፈረንሳዊ ከሆነ የሚፈረደው በፈረንሳይ ሕግ ነው። ሌሎቹ ኃያላንም በዚሁ መብት ተጠቅመውበታል። «በሕግ አምላክ» የተባለ መንገደኛ ቆሞ በሚዳኝበት፣ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው ችሎት በሚቀርቡበት አገር ይህ እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አልነበረም።

የዛሬው ባዕድ ተከሳሽ ግን ነጠላ ቀርቶ አድራሻም የለው። ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ትግራዊ ነበሩ። ልጃቸው አብርሃም ለፍርድ ቤት ባቀረበው አቤቱታ መሠረት፣ ከግድያው በፊት በነበሩት ሳምንታት ፎቷቸውንና ስማቸውን ይዘው የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች በፌስቡክ ተሰራጭተዋል፤ ቤተሰቡ ደጋግሞ ቢያመለክትም በጊዜው አልተነሡም።

ክሱ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የቀረበው ባሕር ዳር ሳይሆን ናይሮቢ ነው። ለምን ቢሉ፣ የፌስቡክን የምሥራቅ አፍሪካ ይዘት የሚመረምሩት ሠራተኞች የተቀመጡት እዚያ ስለነበር ነው። በአገራችን የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭት አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሡ ይጠይቃል። ይሁንና በቅጣት አንቀጾቹ ጎልቶ የሚታየው ድርጅቱ ሳይሆን ጽሑፉን ያሰራጨው ግለሰብ ነው። ለካሊፎርኒያ ኩባንያ ጣት ማሳያ፣ ለእንጅባራ ወጣት ግን ወህኒ እንደ ማለት ነው፤ እኔ በበኩሌ የሕጉን ዋና ጉድለት የማየው እዚህ ላይ ነው።

የሜታ የመጀመሪያ መከላከያ የምኒልክን ዘመን ያስታውሳል፤ የኬንያ ፍርድ ቤት እኔን የመዳኘት ሥልጣን የለውም አለ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. መቃወሚያውን ውድቅ አድርጎ ጉዳዩን ማየት እንደሚችል ወሰነ። ውሳኔው ጉዳዩን የመስማት ሥልጣንን የሚመለከት እንጂ ኩባንያው ጥፋተኛ ነው የሚል እንዳልሆነ አንባቢ ልብ ይበል።

የተገላቢጦሹንም አይተናል። በ2006 ዓ.ም. «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም የቀረበ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ኮምፒውተሬን ፊንስፓይ በተባለ ሶፍትዌር ሰልሎኛል ሲል የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ከሰሰ። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2009 ዓ.ም. ክሱን ዘጋው፤ ምክንያቱም ጉዳቱ በአሜሪካ ቢደርስም ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ እዚያ አልተፈጸመም የሚል ነበር። በይነመረብ ላይ ሙሉ በሙሉ በአንድ አገር የሚፈጸም ድርጊት የትኛው እንደሆነ ዳኞቹ ቢነግሩን መልካም ነበር።

የናይሮቢ ከሳሾች 200 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ገደማ የተጎጂዎች ካሣ ፈንድ እንዲቋቋም ጠይቀዋል። ጥላቻን የሚያጎላው አልጎሪዝም እንዲለወጥም እንዲሁ።