አንድ ደብዳቤ፣ ሁለት ስም
የኤቭኖ አዜፍ ጉዳይ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. በፒተርስበርግ ለነበሩት የሶሻሊስት አብዮተኞች ፓርቲ ሰዎች የጸሐፊው ስም ያልተገለጸ ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤው በመካከላቸው ሁለት ጆሮ ጠቢዎች መኖራቸውን ይገልጽ ነበር፤ አንደኛው ታታሮቭ፣ ሁለተኛው ኢንጂነር አዜፍ። ጸሐፊው ሜንሽቺኮቭ የተባለ የዛሩ ፖሊስ ባልደረባ መሆኑ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ፓርቲው ታታሮቭን መረመረ፤ በ1906 ዓ.ም. ዋርሶ ላይ ተገደለ። አዜፍን ግን የነካው አልነበረም።

አዜፍ የድሃ ልብስ ሰፊ ልጅ ነበር። በ1893 ዓ.ም. በጀርመን አገር በካርልስሩኸ ተማሪ ሳለ፣ ማንም ሳያስገድደው ለፖሊስ ጽፎ በወር 50 ሩብል ተቀጠረ። በ1903 ዓ.ም. የፓርቲው የትግል ድርጅት መሪ ጌርሹኒ ሲያዝ ቦታውን የወረሰው እርሱ ነው። በሐምሌ 1904 ዓ.ም. የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ፕሌቬ በሳዞኖቭ ቦምብ፣ በየካቲት 1905 ዓ.ም. መስፍኑ ሰርጌይ በካልያዬቭ ቦምብ ሲገደሉ፣ ድርጅቱን ይመራ የነበረው ይኸው የፖሊስ ደመወዝተኛ ነበር። በዚያው ጊዜ የጓዶቹን ስምና ዕቅድ እየመረጠ ለፖሊስ ያቀብል ነበር።

ፕሌቬን ያስገደለ ሰው እንዴት የፖሊስ ሰው ሊሆን ይችላል? የጓዶቹ መከራከሪያ ይህ ነበር፤ የሞኝ ክርክርም አይደለም። ይሁን እንጂ የሰውየውን ሥራ ለልቡ ምስክር አድርገው ስለ ቆጠሩት፣ ጥርጣሬ በተነሣ ቁጥር ጋሻ የሆነው ያው ሥራ ነበር።

ጥርጣሬውን እስከ መጨረሻው የተከታተለው የታሪክ መጽሔት አዘጋጁ ቡርትሴቭ ነው። በመስከረም 1908 ዓ.ም. ከኮሎኝ ወደ በርሊን በሚጓዝ ባቡር ውስጥ የቀድሞውን የፖሊስ መምሪያ ዳይሬክተር ሎፑኺንን አግኝቶ ያወቀውን ሁሉ ለሰዓታት ዘረዘረለት፤ ሎፑኺንም በመጨረሻ አረጋገጠለት። የሚያስገርመው፣ በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ በተሰየመው የክብር ችሎት ፊት በስም አጥፊነት ተከሶ የቆመው ቡርትሴቭ መሆኑ ነው። ዳኞቹ በወህኒና በስደት የሸበቱት ክሮፖትኪን፣ ቬራ ፊግነርና ሎፓቲን ነበሩ። ቼርኖቭና ሳቪንኮቭ ለአዜፍ ተሟገቱ።

በጥር 1909 ዓ.ም. አዜፍ ከፓሪስ ጠፋ፤ ፓርቲውም ከሐዲነቱን በይፋ አስታወቀ። ሎፑኺን እውነቱን በመናገሩ ተፈርዶበት ወደ ሳይቤሪያ ተጋዘ። አዜፍ በሐሰት ስም በርሊን ተቀምጦ በአክሲዮን ንግድ ሲተዳደር፣ በ1915 ዓ.ም. የጀርመን ፖሊስ ያዘው። ያሰሩት አደገኛ አብዮተኛ ነው ብለው ነበር። በ1917 ዓ.ም. መጨረሻ ተፈታ፤ በሚያዝያ 1918 ዓ.ም. እዚያው በርሊን ሞተ።