የሻንክሊ ቡድን የት አበቃ፣ የፔይስሊ የት ጀመረ?

በ1974 ክረምት የእንግሊዝ እግር ኳስ ሁለቱን ታላላቅ የክለብ አሰልጣኞቹን በአንድ ወር ውስጥ አጣ (የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዶን ሬቪ ከሁለተኛ ዲቪዚዮን አንስቶ ሁለት ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን ያደረገውን ሊድስ ዩናይትድን ትቶ ወደ ብሔራዊ ቡድኑ ሄደ። ቢል ሻንክሊም ጁላይ 12 ቀን ከሊቨርፑል መልቀቁን አስታወቀ፤ ኤፍ ኤ ካፕን ካነሳ ገና ሁለት ወሩ ስለነበር የከተማው ሰው ወሬውን ለማመን ተቸገረ። በሊድስ ብራያን ክላፍ፣ በሊቨርፑል ቦብ ፔይስሊ ተተኩ። ኦገስት 10 ቀን ሁለቱ ክለቦች በዌምብሌይ ለቻሪቲ ሺልድ ሲገናኙ የሊቨርፑልን ተጫዋቾች እየመራ ወደ ሜዳ የገባው ሻንክሊ ነበር እንጂ አዲሱ አሰልጣኝ አልነበረም። ክላፍ ሥራውን በያዘ በ44 ቀኑ ተባረረ። ፔይስሊ ደግሞ የመጀመሪያ ወቅቱን ሊጉንም ኤፍ ኤ ካፑንም ሳያገኝ ጨረሰ። ተተኪን በቀዳሚው ሚዛን መመዘን የእግር ኳስ የቆየ ልማድ ነው፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤቶች የሚሰማው ክርክርም ከዚሁ ልማድ የመጣ ነው። ልማዱን አልነቅፍም፤ ማነጻጸር ከቀረ ስለ ታክቲክ ማውራትም ይቀራል። የምቃወመው መስመሩ የሚሰመርበትን ቦታ ነው። አሰልጣኝ የሚቀየርበት ቀን ይታወቃል፤ አጨዋወት ግን በዚያ ቀን አይቀየርም። ብዙ ጊዜ ለውጡ የሚጀመረው በቀዳሚው በራሱ እጅ ሲሆን፣ መልክ የሚይዘው ተተኪው መጥቶ አንድ ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ ነው። በመካከል ያለውን ጊዜ ጠቅልሎ ለአንዱ የሚሰጥ ፍርድ ሁለቱንም ይበድላል።

ለዚህ ዋናው ማስረጃዬ የሊቨርፑል ታሪክ ነው። ስለ ሁለቱ ሰዎች ሲወራ ሻንክሊን የጉልበትና የስሜት፣ ፔይስሊን የትዕግሥትና የቅብብል አሰልጣኝ አድርጎ መክፈል የተለመደ ነው። ነገር ግን በ1973 መጸው፣ ሻንክሊ ገና በሥልጣኑ ሳለ፣ ሊቨርፑል በአውሮፓ ሻምፒዮናዎች ዋንጫ ሁለተኛ ዙር በሚልያን ሚልያኒች የሚሠለጥነውን የቤልግሬዱን ሬድ ስታር ገጠመ። መጀመሪያ ቤልግሬድ ላይ 2 ለ 1፣ ከዚያም በገዛ ሜዳው በአንፊልድ በድጋሚ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ዩጎዝላቮቹ ኳስን ከኋላ መስርተው፣ አደጋ በሌለበት ሰዓት ሳይቸኩሉ እየተቀባበሉ ሲወጡ የሊቨርፑል የሩጫ ብርታት ሊደርስባቸው አልቻለም። ከዚያ በኋላ ሻንክሊ፣ ፔይስሊ፣ ጆ ፌገን፣ ሮኒ ሞራንና ሌሎቹ ረዳቶች «ቡት ሩም» በሚባለው የጫማ ክፍላቸው ተቀምጠው የደረሱበት መደምደሚያ በክለቡ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው፤ በአውሮፓ ለማሸነፍ ማጥቃት ከመሃል ተከላካዮቹ እግር መጀመር አለበት የሚል ነበር። ግዙፉና በቴስታ የሚታወቀው ላሪ ሎይድ በ1974 መጀመሪያ ሲጎዳ ቦታውን የያዘው በአማካይነት ያደገው የ20 ዓመቱ ፊል ቶምፕሰን ሆነ። አጠገቡ የሚሰለፈው ኤምሊን ሂዩዝም ቀድሞ አማካይ ነበር። በሜይ 4 በኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ኒውካስል በዌምብሌይ 3 ለ 0 ሲሸነፍ ከኋላ የቆሙት እነዚህ ሁለት ኳስ አዋቂዎች ነበሩ። ሎይድ ወደ ኮቨንትሪ ሲሸጥ ፔይስሊ ሥራውን ከያዘ ገና ሳምንታት ብቻ ነበሩ፤ ውሳኔው ግን ከእርሱ ሹመት በፊት በሜዳ ላይ ተወስኖ ያለቀ ነው። ስለዚህ «የፔይስሊ ሊቨርፑል» የምንለው አጨዋወት የተወለደው በሻንክሊ የመጨረሻ ወራት ነው። በዚያ ላይ ፔይስሊ ከ1939 ጀምሮ ከክለቡ ያልተለየ፣ ሻንክሊ በ1959 ሲመጣ እዚያው የጠበቀው ሰው ነው። «የሻንክሊ» በምንለው ውስጥ ስንቱ የፔይስሊ ሐሳብ እንደነበር ለይቶ መናገር አይቻልም፤ አለመቻሉ ራሱ ለክርክሬ ማስረጃ ነው።

ሊድስ የዚህ ተቃራኒ መስሎ ይታያል፤ ክላፍ ከውጭ የመጣ፣ ሬቪን በአደባባይ ሲነቅፍ የኖረ፣ ተጫዋቾቹንም ሜዳልያዎቻችሁን በማጭበርበር ስላገኛችኋቸው ጣሏቸው ያለ ሰው ነው። ውድቀቱም የሬቪን አጨዋወት ለማፍረስ የሞከረ ሰው ቅጣት ተደርጎ ይተረካል። እኔ ግን በ44ቱ ቀናት ውስጥ የተፈተነ ታክቲክ አይታየኝም። ክላፍ በሊጉ የመራው 6 ጨዋታ ሲሆን ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። አምበሉ ቢሊ ብሬምነር በዚያው የቻሪቲ ሺልድ ጨዋታ ከኬቨን ኪገን ጋር ተደባድቦ ከሜዳ በመውጣቱ ታግዶ ነበር። የክላፍ የሥራ አጋርና ተጫዋች መራጭ ፒተር ቴይለርም ብራይተን ቀርቷል። የሬቪ ዋና ተጫዋቾች ብሬምነርና ጆኒ ጋይልስ ሠላሳን አልፈው ነበር፤ ሬቪ ራሱ ቢቆይ ኖሮ ያንን መሃል ሜዳ ማደስ ግድ ይሆንበት ነበር። ክላፍ ያፈረሰው ከተጫዋቾቹ ጋር ሊኖረው የሚገባውን መተማመን ነው፤ ይህ ከባድ ጥፋት ነው፣ ግን የአጨዋወት ጥፋት አይደለም። ማስረጃው ከዚያ በኋላ መጣ። ረጋ ያለው ጂሚ አርምፊልድ ያንኑ ቡድን ይዞ ባርሴሎናን ጥሎ እስከ ፓሪሱ የ1975 የአውሮፓ ሻምፒዮናዎች ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ፤ በባየርን ሙኒክ 2 ለ 0 ተሸነፈ፣ በሊጉም 9ኛ ሆነ። ያ ፍጻሜ የማን ነው? የተጫወቱት የሬቪ ልጆች ናቸው፣ ያረጋጋቸው አርምፊልድ ነው። ክላፍ ከደርቢ ያመጣው ጆን ማክጎቨርን ደግሞ በሊድስ ደጋፊዎች ተጮኾበት ነበር። እርሱ በ1979 እና በ1980 የኖቲንግሃም ፎረስት አምበል ሆኖ፣ በክላፍና በቴይለር ሥር፣ የአውሮፓን ዋንጫ ሁለት ጊዜ አነሳ። ከኋላው ይጫወት የነበረው የመሃል ተከላካይ ማን ነበር? ላሪ ሎይድ፤ አንፊልድ ለአውሮፓ አይሆንም ብሎ የሸኘው ሰው። በሴፕቴምበር 1978 ፎረስት የፔይስሊን ሊቨርፑል በሜዳው 2 ለ 0 አሸንፎ፣ አንፊልድ ላይ 0 ለ 0 ወጥቶ ከአውሮፓ ዋንጫ አስወጣው። ሊቨርፑል ሎይድን መልቀቁ ስህተት አልነበረም፤ እርሱን ይዞ የፈለገውን ጨዋታ መጫወት አይችልም ነበር። ክላፍም ሎይድን መያዙ ስህተት አልነበረም። ታክቲክ ከሚጫወቱት ሰዎች ተነጥሎ ለብቻው ትክክል ወይም ስህተት የሚባልበት መንገድ የለም።

ፔይስሊ የቤቱ ሰው ስለሆነ አጨዋወቱ ከቀዳሚው ጋር መያያዙ አያስደንቅም፣ ከውጭ ለሚመጣ አሰልጣኝ ግን ምሳሌ አይሆንም የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ተቃውሞው ሚዛን የሚደፋው የቤት ልጅ መሆን ብቻውን የሚያድን ቢሆን ነበር። ማት በስቢ በ1969 ከማንቸስተር ዩናይትድ አሰልጣኝነት ሲነሳ የተተካው ዊልፍ ማክጊነስ እዚያው ተጫዋችም ረዳት አሰልጣኝም ሆኖ የኖረ የ31 ዓመት ሰው ነበር። የእርሱ ታሪክ በዚህ ጉዳይ ከተሰጡ ፍርዶች ሁሉ ይበልጥ ያሳዝነኛል። በስቢ በመጨረሻው ወቅት ቡድኑን በሊጉ 11ኛ አድርጎ ነበር ያስረከበው። ማክጊነስ በመጀመሪያው ወቅት 8ኛ አደረገው፣ በሁለቱም የሀገር ውስጥ ዋንጫዎች ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። በቁጥር ከሄድን ቀዳሚውን በልጦታል። ግን ማንም ከ11ኛነት ጋር አላነጻጸረውም፤ የተነጻጸረው ከ1968ቱ ምሽት፣ ቤንፊካ በዌምብሌይ 4 ለ 1 ከተሸነፈበት ጨዋታ ጋር ነበር። በዲሴምበር 1970 ከቦታው ተነሳ። በስቢ ራሱ ተመልሶ ያንኑ ቡድን ሲይዝ ወቅቱን የጨረሰው እንደገና 8ኛ ሆኖ ነው። በስቢ የሚያህል ሰው ሊያሻሽለው ያልቻለውን ደረጃ የማክጊነስ የታክቲክ ድክመት ማለት እንዴት ይቻላል? ቡድኑ አርጅቶ ነበር፤ ማክጊነስ ሲረከብ ቢል ፎልክስ 37 ዓመቱ ነበር። በ1974 ክለቡ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወረደ። በስቢ ከላይ ሆኖ በክለቡ መቆየቱም ሌላ ሸክም ነበር። ሻንክሊም ከለቀቀ በኋላ ወደ ሜልዉድ ልምምድ ሜዳ እየመጣ ተጫዋቾቹ በፔይስሊ ፊት በቀድሞ ማዕረጉ ይጠሩት ነበር፤ ክለቡ በኋላ እንዳይመጣ ማድረጉ ሻንክሊን እስከ መጨረሻው ያስከፋው ነገር ነው። ሻንክሊንም ፔይስሊንም ለሚወድ ይህ የታሪኩ መራራ ክፍል ነው፤ ያም ሆኖ ክለቡ ከዚህ እርምጃ ሌላ መንገድ የነበረው አይመስለኝም።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ የሚሰማው ነው፤ ደጋፊው የሚከፍለው ለማሸነፍ ነው፣ የውጤት ሰንጠረዡ ይፈርዳል ይላል። ይፈርዳል፤ ግን በታክቲክ ላይ አይደለም። ሻንክሊ በመጨረሻው ወቅት በ57 ነጥብ 2ኛ ሆነ፤ ፔይስሊ በመጀመሪያው ወቅት በ51 ነጥብ 2ኛ ሆነ። ስድስት ነጥብ መጉደሉን ያየ ሰው ቡድኑ ወረደ ቢል አይፈረድበትም ነበር፤ ግን ያ ቡድን በቀጣዩ ዓመት ሊጉንም የዩኤፋ ዋንጫንም ወሰደ። ቅርብ ያለውን ብናይ ደግሞ የሊቨርፑሉ የርገን ክሎፕ በ2018/19 በ97 ነጥብ 2ኛ፣ በመጨረሻው በ2023/24 በ82 ነጥብ 3ኛ ሆነ። ተተኪው አርኔ ስሎት በ2024/25 በ84 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ። ከሰንጠረዡ ብቻ የሚፈርድ ሰው የ84ቱን ታክቲክ ከ97ቱ ሊያስበልጥ ነው። የሁለቱ ነጥብ ልዩነት በአመዛኙ ስለ ተፎካካሪዎቹ ይናገራል። ስሎት በዚያ የመጀመሪያ ወቅት ለዋናው ቡድን ገዝቶ ያጫወተው ፌዴሪኮ ኪየዛን ብቻ ስለነበር ዋንጫው በክሎፕ ተጫዋቾች የተገኘ ነው።

ቀዳሚው ትልቅ ድርሻ ካለው ተተኪውን ጨርሶ መፍረድ አይቻልም ማለት ነው? አይደለም። ተተኪው ብቻውን ያደረገው፣ ቀዳሚው ቢቆይ የማይሆን የነበረ ውሳኔ ተለይቶ ሲገኝ ፍርዱ ሊጠነክር ይገባል። በዚህ መመዘኛ በዴቪድ ሞይስ ላይ የተሰጠው ፍርድ በከፊል ትክክል ነው። አሌክስ ፈርጉሰን በ2013 በ89 ነጥብ ሻምፒዮን ሆኖ ያስረከበው የማንቸስተር ዩናይትድ ቡድን ፖል ስኮልስን በጡረታ ያጣ፣ የተከላካይ መስመሩ ያረጀ ነበር፤ ዩናይትድ ወቅቱን በ64 ነጥብ 7ኛ ሆኖ ለመጨረሱ (ሞይስ በኤፕሪል ተባሯል) ይህ ጥቂት ምክንያት አይደለም። ግን የፈርጉሰንን ረዳቶች ማይክ ፌላንን፣ ሬኔ ሜውለንስቲንን እና ኤሪክ ስቲልን አሰናብቶ የኤቨርተን ረዳቶቹን ያመጣው ሞይስ ራሱ ነው። የዕለት ልምምዱን የሚያውቁት ሰዎች ሲሄዱ አጨዋወቱም አብሯቸው ሄደ። በፌብሩዋሪ 2014 ከሰንጠረዡ ግርጌ ከነበረው ፉልሃም ጋር 2 ለ 2 ሲወጡ ወደ ሳጥኑ የተሻገሩት ኳሶች 81 ነበሩ። ፈርጉሰንም የክንፍ ጨዋታ ወዳጅ ነበር፤ ክንፉ ግን ለእርሱ ከመንገዶቹ አንዱ ነበር፣ በዚያ ቀን ግን ሌላ መንገድ አልታየም። ፔይስሊ ቡት ሩሙን እንዳለ ማቆየቱ በዚህ በኩል ሲታይ እንደ ማንኛውም የታክቲክ ውሳኔ መቆጠር ያለበት ነው።

ፔይስሊን በራሱ ሥራ ለመመዘን ከፈለግን የሬይ ኬኔዲ ጉዳይ ይበቃናል። ኬኔዲ በ1971 ከአርሰናል ጋር ሊግና ኤፍ ኤ ካፕን ያነሳ አጥቂ ሲሆን ለሊቨርፑል የተፈረመው ሻንክሊ በለቀቀበት ዕለት ነው። ግዢው የሻንክሊ ነበር፤ ሊጠቀምበት ያሰበውም ለፊት መስመር ነው። ፔይስሊ አንድ ዓመት ካየው በኋላ በ1975/76 ወደ ግራ አማካይነት አወረደው። ፈጣን ባልሆነው እግሩ መስመር እየተከተለ ከመሮጥ ይልቅ ወደ ውስጥ ገብቶ ያቀብል፣ ዘግይቶ ሳጥን ውስጥ ደርሶ ያገባ ነበር። ይህ ምደባ ሊቨርፑል ሦስት የአውሮፓ ዋንጫ ባነሳባቸው ዓመታት ጸንቶ ኖረ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ ስሎት በራያን ግራቨንበርች ያደረገው ይህንኑ ይመስላል። ክሎፕ ከባየርን ያመጣውና ለፊተኛው አማካይነት የሚያጫውተው ልጅ በስሎት የመጀመሪያ ወቅት ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ ኳስ የሚቀበልና ዞሮ የሚወጣ ሆነ፤ በወቅቱም መጨረሻ የፕሪሚየር ሊጉ ምርጥ ወጣት ተጫዋች ተባለ። ክለቡ ለዚያ ቦታ መጀመሪያ የፈለገው ማርቲን ዙቢሜንዲን እንደነበር፣ እርሱ በሪያል ሶሲዬዳድ መቆየትን በመምረጡ ነገሩ ወደ ግራቨንበርች እንደዞረ የታወቀ ነው። ይህ የስሎትን ድርሻ አይቀንሰውም፤ ገበያው እምቢ ሲለው ክሎፕ በተወለት ቡድን ውስጥ ክሎፕ ያላየውን ተጫዋች አይቷል።